የአንድ ማርክ ጉዳይ

አስረኛ ክፍል ሳለሁ አንዲት ማርክ ተቆርጣብኛለች። ሃያ ዓመት ሊሞላት ነው፤ አልረሳኋትም። ከዚያ ወዲህ ዲግሪ ያዝኩ፣ ሥራ ቀየርኩ፣ ሦስት ጊዜ ቤት ለቀቅኩ። እቃ በተጫነ ቁጥር ስንት ነገር ጠፍቶብኛል። እሷ ግን አልጠፋችም። በሄድኩበት አብራኝ ትሄዳለች።

የአማርኛ ፈተና ነበር። ሁለት ስንኝ ግጥም ተሰጠን።

ወይ አዲስ አበባ፣ ወይ አራዳ ሆይ፣
አገርም እንደ ሰው ይናፍቃል ወይ!

ሁለተኛው ስንኝ ከሥሩ ተሰምሮበታል። "የተሰመረበት ስንኝ የትኛውን ዘይቤ ይዟል?" ይላል ጥያቄው። ሀ. ተነጻጻሪ፣ ለ. ሰውኛ፣ ሐ. ግነት፣ መ. ምጸት። እኔ ምንም ሳላመነታ "ለ"ን አከበብኩ። አገር ደጁ ላይ ቁጭ ብሎ፣ መንገድ መንገዱን እያየ፣ የሄደበትን ሰው ሲናፍቅ ታየኛ! ወረቀቱ ሲመለስ "ለ" ላይ ቀይ ኤክስ ተሰምሮባታል።

እጄን አወጣሁ። መምህራችን ወረቀቴን ማየትም አላስፈለጋቸውም።

"'እንደ' የሚል ቃል አለ ወይስ የለም?"

"አለ ቲቸር።"

"'እንደ' ካለ ምንድን ነው?"

"ተነጻጻሪ።"

"ታዲያ ምን ፈለግሽ?"

"አገር ይናፍቃል ይላል እኮ። መናፈቅ የሰው ነው።"

"የናፈቀው ሰውየው ነው፤ አገሩ አይደለም። ቁጭ በዪ።"

ክፍሉ ሳቀ። ቁጭ አልኩ። ቁጭቱም አብሮኝ ቁጭ አለ።

ዛሬ ላይ ሆኜ ለመምህሩ አልፈርድም። ክፍሉ በተማሪ ጢም ያለ ነው፣ የሚታረመው ወረቀት ክምር ነው፣ መልሱ ደግሞ አንድ ፊደል ነው። እኛም ዘይቤን የተማርነው እንደ ስልክ ቁጥር ነበር። "እንደ"፣ "ያህል"፣ "ይመስል" ካለ ተነጻጻሪ። እነሱ ከሌሉና አንዱ ነገር ሌላው "ነው" ከተባለ ተለዋጭ። ግዑዝ ነገር ካለቀሰ ወይም ከሳቀ ሰውኛ። ነገሩ ከልክ ካለፈ ግነት። ግጥሙን ማንበብ አያስፈልግም ነበር። ምልክቷን ፈልጎ ማግኘት ብቻ ነው። ቅማል እንደ መፈለግ በሉት፤ ጸጉሩ አማረ አላማረ የፈላጊው ጉዳይ አይደለም።

ምሳሌውም ያው አንድ ነበር፦ አንበሳ። "አበበ እንደ አንበሳ ጀግና ነው" ተነጻጻሪ፣ "አበበ አንበሳ ነው" ተለዋጭ። እኔ በሕይወቴ ያየሁት አንበሳ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ያለውን ነው፤ እሱንም ተኝቶ ነው ያገኘሁት። በኔ ዕውቀት ከሄድን አበበ እንቅልፋም ነው። (ይህን ብጽፍ ሌላ ማርክ ትሄድ ነበር።)

የእህቴ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ባይገባ ኖሮ ይህ ሁሉ እዚያው በቀረ። አንድ እሁድ እነሱ ቤት ቁጭ ብዬ ደብተሩን ይዞ አጠገቤ መጣ።

"አክስቴ፣ እንቶኔ ዘይቤ ምንድን ነው?"

አንበለበልኩለት። "በቦታው የሌለን ወይም የሞተን ሰው፣ ወይም ግዑዝ ነገርን፣ ፊት ለፊት እንዳለና እንደሚሰማ አድርጎ ማናገር።" በሃያ ዓመት አንዲት ቃል አልወደቀችብኝም። ልጁ ጻፈ። ከዚያ የእስክሪብቶውን ጫፍ እየነከሰ፣

"ለምን እንቶኔ ተባለ?" አለኝ።

ዝም አልኩ። ይህን ጥያቄ ጠይቄው አላውቅም ነበር። ትርጉሙን ይዤው ስዞር ስሙን አንድ ቀን ሰምቼው አላውቅም። እንቶኔ እኮ የምናውቀው ቃል ነው! ስሙ አፋችን ላይ የጠፋብን ሰው እንቶኔ ነው። "ትናንት እንቶኔ መጥቶ ነበር፣ ያ ረጅሙ።" ስሙን መጥራት ያልፈለግነውም ሰው እንቶኔ ነው። "እነ እንቶኔ እንዳይሰሙ።" በሁለቱም ሰውየው እዚህ የለም፤ በወሬው ውስጥ ግን አለ። ወንበር ተሰጥቶታል። የራሴ ግምት ነው፣ ግን ቃሉ ለዚህ ዘይቤ የተመረጠው በዚህ ይመስለኛል።

ይህን ለልጁ ስነግረው ሌላ ነገር መጣብኝ። ወንድ አያቴ ሲያርፉ ሰሜን ሸዋ ገጠር ሄደን ነበር። አስከሬኑ ከቤት ሊወጣ ሲል አልቃሿ ወደ ሰው አልዞረችም። መቃኑን በእጇ ይዛ በሩን ማናገር ጀመረች።

አንቺ ደጅ፣ አንቺ በር፣ እንዴት አስቻለሽ፣
ጌታሽ ሲወጣብሽ ምነው ዝም አልሽ።

ሰው ሁሉ ተንሰቀሰቀ። እስከዚያ ድረስ ዓይናቸው ደርቆ የቆመው አጎቴ ሳይቀሩ። እኔ ያኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ዘይቤዎችን በተርታ በቃሌ አውቃለሁ፤ ቢጠይቁኝ እንቶኔን ከነትርጉሙ እወርደዋለሁ። የሰማሁት እንቶኔ መሆኑ ግን ባጠገቤም አላለፈም። እንቶኔ የፈተና ነበር። በሩ የአያቴ ነበር። ሁለቱ የተገናኙልኝ ያን እሁድ፣ አንድ ልጅ እስክሪብቶ እያኘከ "ለምን?" ሲል ነው።

ከዚያ በኋላ ጨዋታ አደረግነው። ትርጉሙን እንተወውና ስሙን እንመልከተው ተባባልን።

አያዎ ቀለለን። "አይ" እና "አዎ" ተጋብተው የወለዱት ቃል ነው። የሚጣሉ ሁለት ነገሮች ባንድ አፍ ሲነገሩ፤ "የቁም ሙት" እንደምንለው። ይህን ስም ያወጣ ሰው እጁ ይባረክ። ልጁ ወዲያው ገባው። "እማዬ ናታ!" አለ። "ኳስ ልሂድ ስላት 'አይ፣ አይሆንም፣ ቶሎ ተመለስ' ትለኛለች።" እህቴ ከጓዳ ሰማች፤ የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም።

ሰውኛም ጥሩ ነው። አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ጉራጊኛ፣ ሰውኛ። ቋንቋ ነው ማለት ነው። ነፋሱ፣ ወንዙ፣ ተራራው አፋቸውን የሚፈቱበት ቋንቋ።

ተለዋጭ ላይ ተቸገርን። ደረቅ ቃል ነው። እኔ ስሰማው ትዝ የሚለኝ ፍርድ ቤት ነው፤ ተለዋጭ ቀጠሮ። ግሪኮቹ ለዚህ ነገር ሜታፎራ የሚል ስም አላቸው፤ ከአንድ ቦታ ተሸክሞ ወደ ሌላ ማሻገር ማለት ነው። ዛሬም ግሪክ አገር የቤት እቃ የሚያጓጉዙ መኪኖች ላይ ያው ቃል ተጽፎ ይታያል። ሦስት ጊዜ ቤት ለለቀቀ ሰው ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። አልጋህን አይሱዙ ላይ ትጭናለህ። አዲሱ ቤት ስታወርደው ያው አልጋ ነው፣ ግን ያው አልጋ አይደለም። መስኮቱ ሌላ ነው፣ የሚያርፍበት ብርሃን ሌላ ነው፣ ድሮ ያላየኸው ጭረት ይታይሃል። "አበበ አንበሳ ነው" ስንልም ከጫካ የተጫነ ነገር አበበ ቤት እየወረደ ነው። ተለዋጭ የሚለው ስም መቀየሩን ይነግረኛል፤ መጫኑን አይነግረኝም። ቅሬታዬ ይኸው ነው። የሚመለከተው ክፍል ካለ ይመዝገብልኝ።

ምጸት ላይ ስንደርስ ግን ግሪክ ድረስ መሄድ አላስፈለገንም። እዚህ ላይ ሀብታሞች ነን። ፈተና ላይ ስሙ አንድ ብቻ ነው፦ የተባለው ሌላ፣ የታሰበው ተቃራኒው፣ ምጸት። ቤት ስትገባ ግን አሽሙር አለ፣ አግቦ አለ፣ ሽሙጥ አለ፣ ፌዝ አለ፣ ስላቅ አለ። እናቴ እነዚህን እንደ ቅመም አሽትታ ትለያቸዋለች። ማኅበር ላይ አንዷ ሴት ወጡን ቀምሳ ባለቤትየዋን እያየች "እንዴት ያለሽ ባለሙያ ነሽ፣ ጨው እንዲህ ተወዶ ኖሯል?" ብትል ለእናቴ ይህ አሽሙር ነው። ይወጋል፣ ግን ይሳቅበታል፤ መልስም ይሰጥበታል። ያቺው ሴት ባለቤትየዋን ሳታያት፣ አጠገቧ ላለችው "እኔ ቤት ወጥ ሲሠራ ጨው የምትጨምረው ሠራተኛዋ ናት" ብትል ግን ስሙ ይለወጣል። "አግቦ ተናገረችኝ" ነው የሚባለው። ለአሽሙር ያን ቀን ይታረቃሉ። በአግቦ ሁለት ማኅበር ሊያልፍ ይችላል።

ሽሙጥ ደግሞ ከንፈር ያስፈልገዋል። ቃሉን ብቻ ብትጽፈው ሽሙጥነቱ ይጠፋል፤ ጣል የተደረገው ከንፈር የለማ። ፌዝ ለሳቅ ነው፣ ብዙ አይቀየሙበትም። ስላቅን እናቴ ብዙም አትጠቀምበትም፤ እሱ የጋዜጣና የመድረክ ሰዎች ነው። የሚገርመኝ ግን ይህን ሁሉ ልዩነት እናቴ ያስተማረችን ቁጭ አድርጋ አይደለም። ሰው ከሄደ በኋላ፣ ስኒ እያጠበች፣ "አየሻት እንዴት እንደተናገረችኝ?" እያለች ነው። ትምህርቱ የሚጀምረው እንግዳው በር ሲዘጋ ነበር።

ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ አንድ ነገር አነሳ።

"ብርጭቆ ስሰብር 'ጎበዝ!' ትዪኛለሽ አይደል? ምጸት ነው?"

"ነው።"

"ከክፍል ሦስተኛ የወጣሁ ቀንም 'ጎበዝ!' ብለሽኝ ነበር።"

"ያ ጎበዝ ነው።"

"ቃሉ ግን አንድ ነው።"

"አንድ ነው።"

ደብተሩን ገለበጠ። በሚቀጥለው ገጽ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? ወይ አዲስ አበባ፣ ወይ አራዳ ሆይ። ሁለተኛው ስንኝ ተሰምሮበታል። ከጎኑ በልጁ እጅ ጽሑፍ "ተነጻጻሪ (እንደ)" ይላል። አንድ ግጥም ትውልድ እያለፈ ሲፈትን! የማርኬን ታሪክ ነገርኩት። ያዝንልኛል ብዬ ነበር። ወዲያው ለመምህሩ ወገነ። "'እንደ' አለ እኮ አክስቴ።" እኔም በሠላሳ አምስት ዓመቴ ከዘጠነኛ ክፍል ልጅ ጋር ድምፄን ከፍ አድርጌ መከራከር ጀመርኩ።

የመጀመሪያው ስንኝ ላይ ተስማምተናል። ከተማን "ሆይ" ብሎ መጥራት እንቶኔ ነው፤ ጥል የለንም። ጥሉ "ይናፍቃል" ላይ ነው።

ቡናው ላይ መሪጌታ ነበሩ። የእህቴ ጎረቤት ናቸው፤ በወጣትነታቸው ጎጃም ወርደው ዋሸራ ቅኔ የቆጠሩ ሰው። ቅኔ ቆጠራ ሲባል እኔ ድሮ የቁጥር ነገር ይመስለኝ ነበር። ተማሪው ለብቻው ዘወር ብሎ፣ ዛፍ ሥር ወይም አጥር ጥግ ተቀምጦ፣ ቃል ከቃል እያጋጠመ ቅኔውን አውጥቶ የኔታ ፊት የሚያቀርብበት ነው። የኔታ ያርሙታል። ካልያዘም ይመልሱታል። ጀማሪ የሚነሳው ከጉባኤ ቃና ነው። ሁለት ቤት፣ ማለትም ሁለት ስንኝ ብቻ ናት፤ ስሟን ያገኘችው ከቃና ዘገሊላው ሠርግ ነው። እያለ እያለ ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ ይደርሳል። እዚያ ቤት የዘይቤን ስም መሸምደድ ብቻውን አያስበላም። ሠርቶ ማሳየት ነው።

መሪጌታ ክርክራችንን አዳምጠው ሲያበቁ ወደ ልጁ ዞሩ።

"ዘይቤ ማለት ምን ማለት ነው?"

"ሐሳብን አሳምሮ..." ብሎ ጀመረ።

"አይደለም። ቃሉን ነው የጠየቅኩህ። ግእዝ ነው። ዘ፣ ይቤ። 'ያለው' ማለት ነው። ምን እንዳለ ሳትሰማ ስም ታወጣለህ እንዴ?"

ልጁ እኔን አየኝ። እኔ ስኒዬን አየሁ።

"በል እንስማው። 'ልጁ እናቱን ናፈቀ' ይባላል?"

"ይባላል።"

"'ልጁን እናቱ ናፈቀችው'ስ?"

"ይባላል።"

"በመጀመሪያው የናፈቀ ማን ነው?"

"ልጁ።"

"በሁለተኛው 'ናፈቀች' የተባለችው ማን ናት?"

"እናቱ... ግን የሚናፍቀው ልጁ ነው።" አፉን ከፍቶ ቀረ።

እኔም ቀረሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የተናገርኩበት ቃል ነው! ናፈቀ በሁለት በኩል ይሄዳል። ናፋቂውም ይናፍቃል፣ ተናፋቂውም ይናፍቃል። "አገርም እንደ ሰው ይናፍቃል ወይ" ሲል ገጣሚው፣ ሰው እንደሚናፍቀን አገርም ይናፍቀናል ወይ ብሎ ይሆናል። መምህሬ የሰሙት ይህን ነው። ሰው እንደሚናፍቅ አገርም ልጆቹን ይናፍቃል ወይ ብሎም ይሆናል። እኔ የሰማሁት ይህን ነው። አንዲት ፊደል ሳትነሳ፣ አንዲት ፊደል ሳትጨመር።

"ይሄማ ኅብር ነው" አሉ መሪጌታ፣ ቡናቸውን ፉት እያሉ። "ሰው ለሁለት ጌታ መገዛት አይሆንለትም። ቃል ግን ይሆንለታል።" ከዚያ ሌሎቹን የቅኔ መንገዶች በጣታቸው እየቆጠሩ ቀጠሉ፤ ሰም ለበስ አለ፣ ውስጠ ወይራ አለ፣ አንጻር አለ። ውስጠ ወይራ የሚለውን ልጁ ወደደው። ወይራን ብትፈልጠው ላዩና ውስጡ አንድ አይደለም አሉት።

ኅብር የሚለውን ቃል ስሰማ ግን እኔ ሌላ ቦታ ነበርኩ። ተምሬው ነበር! ያው አስረኛ ክፍል፣ ያው መማሪያ መጽሐፍ፣ ሌላ ምዕራፍ። "ኅብረ ቃሉን፣ ሰሙንና ወርቁን አውጡ" የሚል መልመጃ ነበረን።

ዕፀ በለስ በልቶ አዳም ከንፈርሽ፣
መድኃኔ ዓለም ልቤ ተሰቀለልሽ።

ኅብረ ቃሉ "ተሰቀለልሽ"። ሰሙ የመስቀሉ ስቅለት። ወርቁ በፍቅር ልቡ የተንጠለጠለ ሰው። አንጥረኛው መጀመሪያ በሰም ቅርጹን ይሠራል፣ ጭቃ ያለብሰዋል፣ እሳት ላይ ሲያደርገው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፣ በለቀቀው ቦታ ወርቁ ይፈስሳል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። መልመጃው ላይ ሙሉ ማርክ ነበር ያገኘሁት። ሰምና ወርቅ በሰምና ወርቅ ምዕራፍ፣ ዘይቤ በዘይቤ ምዕራፍ። በመካከላቸው ግድግዳ ነበር፣ ማንም በር አላወጣለትም። ስለ "ይናፍቃል" ስሟገት የምፈልገው ቃል እዚያው ደብተር ውስጥ፣ ጥቂት ገጾች አልፎ ተቀምጦ ነበር። እጄን አውጥቼ "ቲቸር፣ ይሄ ኅብረ ቃል ነው" ብል ኖሮ... ምናልባት ያው ቁጭ በዪ እባል ነበር። ግን ክፍሉ አይስቅም ነበር ብዬ አስባለሁ።

አንድ ነገር ግን ሐቁን ልናገር፣ ማርኬንም ቢያስቀርብኝ። "እንደ" አለ። አገሩ ቢናፍቅም ቢናፈቅም "እንደ ሰው" ነው። ስለዚህ በየትኛውም መንገድ ብትሄድ ተነጻጻሪው አይቀርም። መምህሬ አልተሳሳቱም። እኔም አልተሳሳትኩም፤ በሁለተኛው መንገድ ስትሄድ ሰውኛውም ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። አማራጮቹ ውስጥ ያልነበረው "ሀ እና ለ" የሚለው ነው።

መሪጌታ መርቀውን ወጡ። ልጁ ደብተሩ ላይ ተደፍቶ ቆየ። "ተነጻጻሪ (እንደ)" ከሚለው ሥር በትንንሽ ፊደል "ሰውኛ፣ ኅብር" ብሎ ጨመረ። ከዚያ ቀና አለ።

"አክስቴ፣ ማክሰኞ ፈተና አለብን። ይሄ ቢመጣ የቱን ላክብብ?"

"ሀን አክብብ።"

"አንቺ ግን ለ ነው ስትዪ..."

"እኔ ማክሰኞ ፈተና የለብኝም።"